ተማሪው ተመረቀ፣ መዝገቡ ቀረ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ አቤቱታ ስጽፍ 22 ዓመቴ ነው። የከተማችን ዩኒቨርሲቲ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል በግቢው ውስጥ ሲከፍት «እንጀራዬን ሊነጥቁኝ መጡ» ብዬ ነበር፤ ነጥቀውኛልም። ቢሆንም እዚያ የሚያገለግሉትን የሕግ ተማሪዎች ወድጃቸዋለሁ።

አምና አንዲት ተማሪ ለአንዲት እናት የቀለብ ክስ ጻፈች። የሕግ ትንተናው አምሮ ሦስት ገጽ ሞላ። መዝገብ ቤት ግን መለሰባት፤ የማስረጃ ዝርዝር አልተያያዘም፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት ክሱ እውነት መሆኑን የምታረጋግጠዋ መስመርም የለችም። አምስት ዓመት ሲማሩ ይህችን መስመር ያሳያቸው የለም ማለት ነው! አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እንደገና ጻፈችው። በሳምንቱ፣ የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው በደሃ ደንብ እንዴት እንደሚከስ እርሷው ለጓደኞቿ ስታስረዳ ሰማኋት።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ተማሪዎቹ ክረምት ሲገባ ተመርቀው ይሄዳሉ፤ መዝገቡ ግን ለጥቅምት ተቀጥሯል። ያቺ እናት ጥቅምት ላይ ሁለት ጊዜ መጥታ የማዕከሉን በር ተቆልፎ አገኘችው። ፋይሏ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ክረምት ከበጋ የማይጠፋ አንድ ቋሚ ጠበቃ ይቅጠር፤ ተመራቂውም መዝገቡን ለተተኪው በፊርማ ሳያስረክብ ውጤት አይሰጠው። የእናትየዋን ማመልከቻ እኔው ጻፍኩላት፤ አላስከፈልኳትም።

አንድ የአቤቱታ ጸሐፊ