አራት መስመር ለቡና፣ ሦስት ዓምድ ለአርሴናል

ለስፖርት ገጽ አዘጋጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነኝ። ጋዜጣችሁንም ከጀርባው ገጽ ጀምረው ከሚያነቡት ሰዎች አንዱ ነኝ። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ስድብ ግን የለበትም፣ አይዟችሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት የስፖርት ገጻችሁን ስገልጥ አርሴናል በሦስት ዓምድ ተንሰራፍቶ አገኘሁት። አንድ አጥቂ ሊገዛ ነው፣ ምናልባትም ላይገዛ ይችላል፣ ወኪሉ ግን ለንደን ታይቷል ይላል። ከሥሩ የማድሪድ አሠልጣኝ በማን እንደተናደደ የሚተርክ ሌላ ዓምድ አለ። ከዚያ ከታች ማስታወቂያው ጥግ ላይ ተወሽቆ የኛ ቡና። አራት መስመር። ሁለቱ ቡድኖች ያለ ግብ አቻ ተለያዩ፣ ነጥብ ተጋሩ፣ ቡና ባለበት ደረጃ ረጋ፣ ቀጣዩን ጨዋታ በሳምንቱ ያደርጋል። አለቀ። የአንድ ተጫዋች ስም የለም። የት ከተማ እንደተጫወቱ እንኳን አልተጻፈም።

ጨዋታውን እኔ አይቼዋለሁ። ዜሮ ለዜሮ ቢያልቅም የሚወራለት ነገር ሞልቶ ነበር። ከእረፍት በፊት የግራ መስመር ተከላካያችን ደጋግሞ ሲበላ ነበር፤ ከፊቱ ያለው የመስመር አጥቂ ተመልሶ ስለማያግዘው ብቻውን ሁለት ሰው ይገጥማል። አሠልጣኙ ከእረፍት መልስ አጥቂውን አስወጣና ከተስፋ ቡድን ያደገ አንድ ቀጭን ልጅ አማካይ ቦታ ላይ አስገባ። ልጁን ልብ ብላችሁ ብታዩት። ኳሷ ልትደርሰው ስትል ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ያያል፣ ከዚያ በአንድ ንክኪ ወደ ፊት ይልካታል። ይህን ትልልቆቹም አያደርጉትም። እሱ ከገባ በኋላ ጨዋታው ወደ ተጋጣሚያችን ሜዳ ዞረ፣ አግዳሚውም አንድ ጊዜ መለሰብን። የልጁን ስም ብትጽፉት እኮ እናቱ ጋዜጣውን ቆርጣ ታስቀምጠው ነበር! እናንተ ግን «ነጥብ ተጋሩ» ብላችሁ አለፋችሁት።

«አንባቢው የሚፈልገው የውጭውን ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም አርሴናልን እደግፋለሁ፣ ምን ይዋሻል። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የምታወጡት የአርሴናል ዜና ጋዜጣው ከመታተሙ በፊት ቴሌግራም ላይ ከነፎቶው ደርሶኛል። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጽፎታል፣ ሌላው ተርጉሞታል፣ ሦስተኛው አሳጥሮታል፣ እናንተ አራተኛ ናችሁ። ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ሰው ልኮ ቡና ለምን ግብ ማግባት እንዳቃተው አጣርቶ መጻፍ ግን የለንደኑ ጋዜጠኛ አይችልም። የምትችሉት እናንተ ብቻ ናችሁ። የምትችሉትን ትታችሁ ሌላው ቀድሞ የጨረሰውን ለምን እንደምትደግሙት አይገባኝም።

ሰው አይፈልገውም የሚለውንም አልቀበልም። እኛ ሰፈር ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ሁለት ቴሌቪዥን አለው። ትልቁ የእንግሊዝ ነው፣ በሱ ክርክር የለም። የቡና ጨዋታ ከእንግሊዙ ጋር ሲገጥም ባለቤቱ መጀመሪያ «ስንት ናችሁ?» ይለናል። ቆጥሮን ነው ትንሿን የሚከፍትልን፤ ሒሳቡን እየሠራ መሆኑ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ጨዋታው ሲሞቅ ግን የማንቼስተሮቹም የአርሴናሎቹም አንገት ወደኛ ይዞራል። «ያ አሥር ቁጥሩ ማነው? ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቀኝ አላጣም። ይኸው ሰውዬ ስለ አርሴናሉ ሳካ ጉዳት ከሐኪሙ እኩል ያወራል። የራሱ ከተማ ቡድን አሥር ቁጥር ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ከየት ይወቅ? ማን ነገረው?

ጓደኞቼ ይህን ሁሉ «ሚዲያው የጊዮርጊስ ስለሆነ ነው» ይሉታል። የቡና ደጋፊ ይህን ሳይል አይውልም። እኔ ግን አላምንበትም። የልብ ወዳጄ የሆነ የጊዮርጊስ ደጋፊ አለ፤ ኳስን በተመለከተ በምንም ተስማምተን አናውቅም። በዚህ ብቻ እንስማማለን። ፈረሰኞቹ ጊዮርጊሶች በ2014 እና በ2015 በተከታታይ ዋንጫ ሲያነሱ የተጻፈው ስለ ዋንጫውና ስለ ጭፈራው ነበር፤ ቡድኑ ሜዳ ላይ ምን ሠርቶ እንዳሸነፈ ያነበበው ነገር እንደሌለ ይምላል። ከዚያ በኋላ ዋንጫውን ንግድ ባንክ በልቶ ሄደ፣ ቀጥሎ መድን። እነዚህ ቡድኖች እንዴት እዚያ እንደደረሱ ማን በወጉ ጻፈልን? አድልዎ ቢሆንማ ቢያንስ አንዱ ወገን ይደሰት ነበር። ይህ ስንፍና ነው፣ ለሁሉም እኩል የተከፋፈለ ስንፍና።

ሸገር ደርቢ ሲደርስ ግን ሁላችሁም ትነቃላችሁ። በዚያ ሳምንት ገጹ ሁሉ ቡናና ጊዮርጊስ ይሆናል። ምን ይጻፋል? ደጋፊው ይጣላ ይሆን፣ ፖሊስ ምን ተዘጋጀ፣ አምና ምን ተወረወረ። አንድ ወንበር ከተሰበረ የፊት ገጽ እናገኛለን፤ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ላይ ቆሞ የዘፈነው ግን አራት መስመርም አይደርሰው። ጥፋት አይጻፍ አላልኩም። የሚረብሽ ደጋፊ አለ፣ ስሙም ይነሳ፣ ይቀጣም። ግን የቡና ደጋፊ ማለት እሱ ብቻ ነው እንዴ? ያ ሁሉ ዜማ፣ አስጨፋሪዎቹ ከበሮ ይዘው ጉሮሯቸው እስኪዘጋ የሚለፉት፣ ቡናማና ቢጫ ለብሶ ከአያቱ ጋር የሚመጣው ሕፃን፣ ይህ ዜና አይደለም?

ደግሞ ልብ በሉ፣ የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ከተዘጋ ወዲህ የኛ ነገር ስደት ሆኗል። ሱፐርስፖርት በ2013 የሊጉን የቴሌቪዥን መብት ከያዘ ጀምሮ ውድድሩ ቡድኖቹን በተመረጡ ከተሞች ሰብስቦ ነው የሚካሄደው። ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ፤ ሁሉንም ዞረነዋል። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋና ሚስማር ተራ ተቀምጦ ያደገ ሰው አሁን ቡድኑን ለማየት አውቶብስ ተከራይቶ፣ ሥራውን አስፈቅዶ፣ ማደሪያ ፈልጎ ነው የሚሄደው። አቅም የሌለው ቴሌቪዥን ላይ ያያል። በሜዳው የማይጫወት ቡድን ከትኬት ምን ያገኛል? የደጋፊው ቁጥር ቀነሰ ወይስ አልቀነሰ? ተጫዋቾቹ ወር ሙሉ ሆቴል ውስጥ ሲከርሙ እንዴት ይሆናሉ? ለአንድ ጎበዝ ዘጋቢ የዓመት ሥራ እኮ ነው። እስካሁን ገጻችሁ ላይ ከዚህ አንዱንም አላየሁም።

ገንዘቡም እንደዚያው። በ2011 መጨረሻ ክለቦቹ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ ተባለ፣ እናንተም ጻፋችሁ። ጥሩ። ከዚያ በየክረምቱ የዝውውር መስኮት ሲከፈት ከተማው በሙሉ ከዚያ በላይ ስለሚከፈል ገንዘብ ያወራል። ወሬው እውነት ነው ውሸት? ወሬ ከሆነ ውሸት ነው በሉን፣ እውነት ከሆነም አጋልጡት። እናንተ ግን «እገሌ ለቡና ፈረመ» ብላችሁ አሠልጣኙ አጠገብ ማሊያ ይዞ የተነሳውን ፎቶ ታትማላችሁ። ፎቶውንማ ክለቡ ራሱ ፌስቡክ ላይ ለጥፎታል። የትኛውም ክለብ ደመወዝ ሲያዘገይ ደግሞ ወሬውን የምንሰማው ተጫዋቾቹ ልምምድ ሲያቆሙ ነው። ከዚያ በፊት ማንም የጠየቀ የለም።

የአሠልጣኛችንን የካሳዬ አራጌን ዘመን ሳስታውስ ነው በጣም የምበሽቀው። ካሳዬ በተጫዋችነቱ የቡና ልጅ ነው። ከአሜሪካ ተመልሶ ቡድኑን በ2012 ሲይዝ ኳሷ ከበረኛው ጀምሮ በአጭር ቅብብል እንድትወጣ አደረገ። አንዳንድ ቀን ዓይን ያርሳል፣ አንዳንድ ቀን በራሳችን በር ላይ ኳስ ተቀምተን ግብ ይቆጠርብናል። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ጎረቤቴ በዚህ ጉዳይ አንድ ሰሞን አኩርፎኛል። ይህን የመሰለ ክርክር በሀገራችን ኳስ ስንቴ ይገኛል? ሚዲያው ግን «ውጤት ይሻላል ወይስ አጨዋወት?» እያለ ስልክ መስመር ከፍቶ ሕዝብ አጯጯኸ። የተጋጣሚ ቡድኖች እንዴት አድርገው እንደሚያፍኑን፣ ሁለቱ መሐል ተከላካዮች ለምን ያን ያህል ተራርቀው እንደሚቆሙ፣ አማካዩ መቼ ወደ ኋላ መውረድ እንዳለበት ሥዕል ሥሎ ያሳየኝ አንድ ጋዜጣ የለም።

የአጥቂያችን የአቡበከር ናስርም ነገር ያው ነው። በ2013 ልጁ በአንድ የሊግ ዘመን 29 ግብ አግብቶ የዮርዳኖስ ዓባይን ክብረ ወሰን ሲሰብር ግቡን ቆጠራችሁ። አዎ፣ መቁጠሩን እኛም እናውቃለን። እንዴት እንደሚያገባስ? ተከላካዩ ጀርባ ተደብቆ የሚቆይበትን፣ በረኛው እስኪወድቅ የሚታገሥበትን? በ2014 ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ ሌላ የደስታ ሳምንት ሆነ። ከዚያ ጉዳት ሲደራረብበት ዝም። የእንግሊዝ ተጫዋች ጅማቱን ሲታመም ስንት ሳምንት እንደሚርቅ በቀን ትቆጥሩልናላችሁ፤ ለአቡኪ ግን ደውሎ «እንዴት ነህ?» ያለው ማን ነው?

ሬዲዮውን ብታዩት የባሰ ነው። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ የምሰማው የስፖርት ፕሮግራም ሰዓቱ ሙሉ ማንቼና አርሴ ነው፣ መሐል መሐሉን ውርርድ ይሞላዋል። ማስታወቂያው የሚመጣው ከውርርድ ቤት ከሆነ፣ ሰው ደግሞ የሚወራረደው በአውሮፓ ጨዋታ ከሆነ፣ ወሬው የት እንደሚያደላ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሊጋችን ራሱ በአንድ ወቅት ቤትኪንግ የሚል የውርርድ ድርጅት ስም ተሸክሞ ነበር እኮ። ጋዜጠኛውም ደመወዝ መብላት አለበት፣ ይገባኛል። ግን ሰዓቱን በሙሉ?

ድሮ እንዲህ አልነበረም የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፣ ግማሹን አምናቸዋለሁ። የስፖርት ጋዜጠኛው ደምሴ ዳምጤ በ1980 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫን፣ የሴካፋን፣ ፍጻሜ ሲያስተላልፍ የሰሙ ሰዎች ዛሬም ድምፁን እየኮረጁ ያወሩለታል። ሰውዬው ጨዋታውን እያየ ነበር የሚናገረው፤ ከሌላ ሰው ጽሑፍ እያነበበ አልነበረም። አሁንም ቢሆን ሜዳ የሚገኙ ልጆች ጠፍተው አይደለም። ሶከር ኢትዮጵያ የሚባለውን ድረ ገጽ ተመልከቱ። በአማርኛ፣ ስለ ሀገር ውስጥ ኳስ፣ አሰላለፉንም ቅያሪውንም የተስፋ ቡድኑንም ሳይቀር ይጽፋሉ። እናንተ ስም አላችሁ፣ ማተሚያ አላችሁ፣ ከነሱ በላይ ማድረግ ትችሉ ነበር።

ወደኛም ልምጣ፣ ያለዚያ ፍርዱ ጎደሎ ይሆናል። አንድ ዘጋቢ ደፍሮ «ቡና ዛሬ መጥፎ ነበር» ብሎ ሲጽፍ ከኛ ወገን የሚደርስበት ስድብ ለወሬ አይመችም። ቤተሰቡ ድረስ ይሄዳሉ። እንዲህ እያደረጋችሁ ጥሩ ዘገባ አትጠብቁ ስላቸው እኔኑ «የጊዮርጊስ ሰላይ» ይሉኛል። በ1990 የግብፁን አል አህሊን ከአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ያስወጣ ክለብ እኮ ነው ይህ። በ2003 በውበቱ አባተ አሠልጣኝነት ሊጉን ከወሰድን ወዲህ ደግሞ ዋንጫው ደጃችን አልደረሰም። ለምን አልደረሰም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጠላት አይደለም። እንዲያውም እንዲህ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ቢገኝ ከክለቡ አመራሮች ፊት ወንበር ስቦ ይቀመጥ፣ መልሱንም ሳያሳምር ይጻፈው፤ የሚያበሳጨን ቢሆንም እናነበዋለን።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። አርሴናልን ከገጹ አስወጡት አላልኩም፣ እኔም አነበዋለሁ። ከሦስቱ ዓምድ አንዱን ብቻ ልቀቁልን። የጨዋታውን ቦታና ሰዓት ጻፉ፣ አሰላለፉን አስገቡ፣ ማን ተቀይሮ ማን እንደገባና ለምን እንደሆነ ንገሩን። ከጨዋታ በኋላ አሠልጣኙን «ስለ ውጤቱ ምን ይሰማዎታል?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ምን እንደሚሰማውማ ፊቱ ይናገራል። ያንን የመስመር አጥቂ ለምን እንዳስወጣው ጠይቁት።

በሚቀጥለው የቡና ጨዋታ አንድ ሰው ላኩ። በጀት የለንም ካላችሁ የኛ አውቶብስ ላይ ወንበር እንይዝለታለን፤ ምሳውም በኛ ነው። የጊዮርጊስ ደጋፊ ቢሆንም ግድ የለም፣ ማሊያውን ብቻ ቤቱ ትቶ ይምጣ።

አንድ የቡና ደጋፊ
ከመርካቶ፣ አዲስ አበባ