አራት ኪሎ በአራት ቀን መቀነስ ጀግንነት አይደለም

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በስፖርት ገጻችሁ ስለ አንድ ወጣት የቴኳንዶ ተወዳዳሪ ያወጣችሁትን አነበብኩ። በ4 ቀን 4 ኪሎ ቀንሶ ለውድድር መድረሱ እንደ ጀግንነት ተጽፏል። ደነገጥኩ። እኔም እንደዚያው አድርጌ አውቃለሁና።

19 ዓመቴ ነበር። ከ58 ኪሎ በታች የሆኑ ወደሚወዳደሩበት ምድብ መግባት ነበረብኝ። ከሹራብ ሥር ላስቲክ ለብሼ ሮጥኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ በአፌ እያንቆረቆርኩ መልሼ ተፋሁ። እናቴ «አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ከንፈርህ እኮ ተሰነጣጠቀ» ስትለኝ አልሰማኋትም። ሚዛኑን አለፍኩ። በማግስቱ ሁለተኛው ዙር ላይ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ምቱ ሲመጣ አየዋለሁ፤ መሸሽ አልቻልኩም። አሰልጣኜ «ወኔ የለህም» አለኝ። ያጣሁት ወኔ ሳይሆን ውሃ ነበር።

ከጡንቻ ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ነው። በሦስት አራት ቀን የሚወርድ ኪሎ በአብዛኛው ስብ አይደለም። ውሃና ጡንቻ ያጠራቀመው የጉልበት ስንቅ ነው። የደም መጠን ሲቀንስ ልብ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ቶሎ ቶሎ ትመታለች። በ2 ደቂቃ ዙር ውስጥ እንደ መብረቅ መምታት ላለበት ልጅ ይሄ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ሁለት ልጆች እኩል 60 ኪሎ ቢመዝኑ ሰውነታቸው አንድ ነው ማለት አይደለም። የአንዱ ስብ 8 በመቶ፣ የሌላው 16 በመቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ጊዜ ከተሰጠው ቀስ ብሎ 58 ይገባል። የመጀመሪያው ግን ምን ይቀንስ? ከፍ ወዳለው ምድብ ወጥቶ ጡንቻ ቢገነባ ይሻለዋል። በትልልቅ መድረክ የሚወዳደሩ ወንዶች ስብ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 14 በመቶ ነው። የሴቶቹ ከዚያ ከፍ ይላል፤ ከፍ ማለትም አለበት። ምግቧ ከልክ በላይ ያነሰ ልጅ የወር አበባዋ ሊቀር፣ አጥንቷም ሊሳሳ ይችላል። ይህን ደፍሮ የሚነግራቸው ጥቂት ነው።

ሞትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ነጻ ትግል ተወዳዳሪዎች ክብደት ሲቀንሱ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ላስቲክና ሳውና ተከለከለ፤ የሚዛኑም ሰዓት ወደ ግጥሚያው ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ቻይናዊው የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚ ያንግ ጂያን ቢንግ በ21 ዓመቱ በዚሁ ምክንያት አረፈ።

እኔ ዛሬ አሰልጣኝ ነኝ። ልጆቼን ውድድር ከመድረሱ ከወራት በፊት ቆዳ ቆንጥጦ ስብ በሚለካ መሣሪያ እለካለሁ። ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ምድቡን የምንመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። የሚጾሙትንም «ጾምህን ፍታ» አልላቸውም፤ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ባቄላውን ጨምሩ እላለሁ። ፌዴሬሽኑም ይህን ልኬታ ለታዳጊዎች ግዴታ ቢያደርገው ደስ ይለኛል።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ ስታናግሩ፣ አሰልጣኙን «ስንት ኪሎ፣ በስንት ቀን፣ በምን አወረድከው?» ብላችሁ ጠይቁልን። መልሱንም አትሙት።

አክባሪያችሁ፣
የቴኳንዶ አሰልጣኝ፣ ከሐዋሳ