ለጊታር ወዳጁ ወንድሜ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ እናትህ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ዘመን ለምን እንደ ተጠፋፋን መመርመር አልፈልግም። አንተ ሥራና ኑሮ ትላለህ፣ እኔም ሥራና ኑሮ እላለሁ፣ ሁለታችንም አልዋሸንም፤ እዚህ ላይ ይብቃ። ብዕር ያነሳሁት ስለ ኦርጋን ልጽፍልህ ነው። ሳቅ፣ ግድ የለም።

ያ አሮጌ ክርክራችን ትዝ ይልሃል? «ሮክ ማለት ጊታር ነው፤ ኦርጋን ከኋላ ቆሞ ቀዳዳ ይደፍናል» ትል ነበር። እኔም አፌን ሞልቼ መልስ መስጠት አልችልም ነበር። እጃችን ላይ የነበሩት ካሴቶች ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጡ የኖሩ ስለሆኑ፣ ጊታሩ የት አብቅቶ ኦርጋኑ የት እንደሚጀምር እንኳን አይለይም ነበር። አሁን ግን ማስረጃ ይዣለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ከማሽኑ ልጀምር፤ ሙያዬ አይለቀኝም። ባለፈው የብርድ ወራት እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ማሞቂያ ልጠግን ሄጄ ነበር። ሥራዬን ጨርሼ ልወጣ ስል፣ ከመድረኩ ጥግ ሃሞንድ ቢ-3 የሚባለው የኤሌክትሪክ ኦርጋን ቆሟል። ፈዝዤ ስመለከት ያዩኝ ኦርጋን ተጫዋቿ፣ እናቴን የሚያህሉ ሴት፣ «ላስነሳልህ?» አሉኝ። ማስነሳት ያሉት በዋዛ አይደለም። ከላይ በቀኝ በኩል ሁለት ማብሪያዎች አሉ፤ አንደኛው ማስነሻ፣ ሌላው ማስኬጃ ነው። ማስነሻውን ገፍተው ስምንት ሰከንድ ያህል ያዙት፤ ከእንጨቱ ውስጥ ሞተሩ እያጉረመረመ ፍጥነት ሲጨምር ይሰማል። ከዚያ ማስኬጃውን ጨመሩበት፣ ሁለቱን አንድ ላይ ጥቂት ቆይተው የመጀመሪያውን ለቀቁ። ቀጥለው የጀርባውን ክዳን ከፍተው አሳዩኝ። ዘይት የሚፈስባቸው ትንንሽ ማጥለያዎች አሉ፤ ከእነርሱ የወጡ ቀጫጭን የጥጥ ክሮች ዘይቱን እየመጠጡ ወደሚሽከረከረው ብረት ሁሉ ያደርሳሉ። በየዓመቱ ዘይቱን የሚጨምሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ለመኪናዬ እንዲህ ተጠንቅቄ አላውቅም።

ውስጡ ያለው ነገር ይገርምሃል። 91 የብረት ጎማዎች በአንድ ሞተር ይሽከረከራሉ። የእያንዳንዱ ጎማ ጠርዝ ወጣ ገባ ነው፤ ጎማው ሽቦ በተጠቀለለበት ማግኔት አጠገብ ሲያልፍ ያ ወጣ ገባነት ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፣ ኤሌክትሪኩም ድምፅ ይሆናል። ይህን ያሰበው ሎረንስ ሃሞንድ ሙዚቀኛ አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ ሰዓት የሚሠራ የቺካጎ መሐንዲስ ነበር። የሰዓቱ ሞተር ከመብራት ኃይሉ ሞገድ ጋር እኩል ስለሚሄድ አይዛነፍም፤ ያንኑ ሐሳብ ወደ ኦርጋን አምጥቶ በ1935 ለገበያ አቀረበው። ስለዚህ የኦርጋኑን ቅኝት የሚጠብቀው የመብራት ኃይል ነው ማለት ነው። አሜሪካ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ሞገድ) ነው፣ እናንተ ዘንድ ደግሞ 50። ያንን የሴትዮዋን ኦርጋን አዲስ አበባ አምጥተህ የቮልቴጁን ብቻ አስተካክለህ ብትሰካው፣ ዶ ብለህ የነካኸው ቁልፍ ወደ ላ ወርዶ ይወጣል። ዘፋኙ ምን እንደሚልህ አስበው።

በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ዘጠኝ የኤሌክትሪክ መገናኛዎች አሉ። ቁልፉን ስትጫን ዘጠኙም በአንዲት ቅጽበት ስለማይገጥሙ «ጠቅ» የሚል ነገር ይሰማል። መሐንዲሶቹ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረው ሊያጠፉት ሲታገሉ፣ ተጫዋቾቹ ወደዱት፤ በፈጣን ሶሎ (አንድ መሣሪያ ብቻውን ጎልቶ በሚጫወትበት ክፍል) ላይ ጣት ሲወርድ ከበሮ የሚመስል ጥርት ያለ አነሳስ የሚሰጠው እሱ ነውና። ከቁልፎቹ በላይ ደግሞ የሚሳቡ ዘንጎች አሉ፤ በየረድፉ ዘጠኝ፣ በእያንዳንዱም ላይ ከ1 እስከ 8 ተጽፏል። እየተጫወትክ ስትስባቸውና ስትመልሳቸው ድምፁ ከዋሽንት ወደ መለከት ይለወጥልሃል።

የድምፅ ማጉያው ታሪክ ለብቻው ደብዳቤ ይወጣዋል፤ አሳጥረዋለሁ። ዶን ሌስሊ የተባለ ሰው ሃሞንድ ገዝቶ ቤቱ ሲያስገባው ድምፁ ደረቅ ሆነበት። ስለዚህ የሚሽከረከር ማጉያ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ሠራ፤ ከላይ ጡሩምባ፣ ከታች ለወፍራሙ ድምፅ ከበሮ መሰል ነገር ይዞራል። ድምፁ ወደ አንተ ሲዞር ከፍ፣ ሲሸሽ ዝቅ ይላል፤ አምቡላንስ በአጠገብህ ሲያልፍ እንደምትሰማው። ለሃሞንድ ኩባንያ ቢያቀርብለት አልተቀበለውም፤ ነጋዴዎቹም እንዳይሸጡለት ተከላከለበት። ዛሬ አንዱን ያለ ሌላው የሚያስብ የለም። ሴትዮዋ ከዝግታ ወደ ፍጥነት ሲያሸጋግሩት አጠገቡ ቆሜ ነበር። የላዩ ጡሩምባ ወዲያው ይፈጥናል፣ የታቹ ግን ከባድ ስለሆነ ይዘገያል፤ በዚያች በመሐል ባለችው ጊዜ ድምፁ ለሁለት ተከፍሎ እንደገና ይገናኛል። ከሮክ ኦርጋን ሁሉ የምወዳት ያችን ሽግግር ነው።

ስለ ማስነሻው ይህን ያህል ማውራቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በሰኔ 1965 አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን ኒው ዮርክ ውስጥ «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን»ን ሲቀርጽ፣ አል ኩፐር የሚባል ወጣት ጊታሪስት በእንግድነት ተገኝቶ ነበር። ከእሱ የተሻለ ጊታሪስት ሲመጣ አፍሮ ጊታሩን ወደ ጎን አደረገ፤ የኦርጋኑ ተጫዋች ወደ ፒያኖ ሲዛወር ግን ቀስ ብሎ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኦርጋን አይችልም ነበር። ራሱ ሲተርከው፣ ያዳነው ማሽኑ ሳይጠፋ መተዉ ነው፤ ጠፍቶ ቢሆን እንዴት እንደሚነሳ አያውቅም። ዘፈኑን ስትሰማ ኦርጋኑ ሌሎቹ ሲለዋወጡ ጠብቆ፣ ግማሽ ምት ያህል ዘግይቶ ነው የሚገባው። ዲላን ግን ኦርጋኑን ከፍ አድርጉት አለ። አሁን ያንን ዘፈን ያለዚያ ኦርጋን አስበው እስቲ።

«ቀዳዳ ይደፍናል» ላልከው ደግሞ ፍርድ ቤትም መልስ ሰጥቶልኛል። የእንግሊዙ ባንድ የፕሮኮል ሃረም ዘፈን «ኤ ዋይተር ሼድ ኦፍ ፔል» በ1967 ሲወጣ ዓለም ሁሉ ያንጎራጎረው የማቲው ፊሸርን የኦርጋን መግቢያ ነው፤ በደራሲነት የተመዘገቡት ግን ሌሎች ነበሩ። ፊሸር በ2005 ከሰሰ። ነገሩ በጊዜው የእንግሊዝ የመጨረሻ የይግባኝ ፍርድ ቤት እስከነበረው እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ደርሶ በ2009 ተፈረደለት፤ ከዜማው መብት 40 በመቶ የእሱ ሆነ። አጃቢ ለተባለ ሰው መጥፎ ድርሻ አይደለም።

አሁን ወደ ልቤ ሰው፣ ዲፕ ፐርፕል ወደሚባለው የሮክ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ወደ ጆን ሎርድ። የሌስተር ከተማ ልጅ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ክላሲካል ፒያኖ ተምሯል፤ በ1969 በሎንዶን ሮያል አልበርት አዳራሽ ዲፕ ፐርፕልን ከሮያል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር ያጫወተው የእሱ ድርሰት ነው። በጎኑ የቆመው የባንዱ ጊታሪስት ሪቺ ብላክሞር ነው። ብላክሞር ጊታሩን በማርሻል አምፕሊፋየር ሲያስጮህ ማንኛውም የኪቦርድ ሰው ወይ ይደበቃል ወይ ይለቃል። ሎርድ ሁለቱንም አላደረገም፤ ሃሞንዱን ራሱን ማርሻል ላይ ሰካው። ለጸሎት ቤት የታሰበ መሣሪያ ለጊታር በተሠራ አምፕሊፋየር ውስጥ ሲያልፍ የሚወጣውን የሻከረ ድምፅ የ1970ው «ዲፕ ፐርፕል ኢን ሮክ» አልበም ላይ ታገኘዋለህ።

በታኅሣሥ 1971 ስዊዘርላንድ፣ ሞንትሮ ከተማ አልበም ሊቀርጹ ሄደው ካሲኖው ሲቃጠልባቸው፣ ባዶ በሆነ ሆቴል ኮሪደር ውስጥ ሥራቸውን እንደ ጨረሱ ታውቃለህ፤ ዘፈኑም ስለዚያው ቃጠሎ ነው። ጊታር የጨበጠ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚለማመደው ያ የ«ስሞክ ኦን ዘ ዎተር» መግቢያ የማን ነው ብዬ ብጠይቅህ ሳታስብ «የብላክሞር!» ትለኛለህ። የመጀመሪያው ዙር አዎ፣ የጊታር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፁ የሚወፍርብህ ግን ሌላ ጊታር ተጨምሮ አይደለም፤ የሎርድ ሃሞንድ ያንኑ ሐረግ አብሮ እየደቆሰ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስማው። በዚያው አልበም ላይ «ሃይዌይ ስታር» ውስጥ ከጊታሩ በፊት ሶሎውን የሚወስደው ኦርጋኑ ነው። ብላክሞር ተራው ሲደርስ የሚገባው ኦርጋኑ ከወጣበት ከፍታ ላይ ነው፤ ዝቅ ብሎ መጀመር አይችልም። አጃቢ ማንን እንዲህ ያስገድዳል?

ከዚህም በላይ የምወደው የዚሁ ባንድ ዘፈን «ቻይልድ ኢን ታይም» ሲጀምር ነው። የጊታር ድምፅ ከተመታ በኋላ በራሱ ጊዜ ይሞታል፤ ኦርጋን ግን ጣትህን እስካላነሳህ አይሞትም፣ ቁልፉን ጠበቅ ወይም ላላ አድርገህ ብትነካውም ልዩነት የለውም። ስለዚህ ኦርጋን ተጫዋች ስሜቱን የሚናገረው በእግሩ የድምፅ ፔዳል፣ በሚሳቡት ዘንጎችና ጣቱን በሚያነሳባት ቅጽበት ነው። ሎርድ እዚያ መግቢያ ላይ ጥቂት ድምፆችን ብቻ ይዞ ያቆይሃል፤ አይቸኩልም። በ2012 ሲሞት ያንኑ መግቢያ ደጋግሜ ሰማሁት።

ሌላውን የሮክ ኦርጋን ተጫዋች፣ ኪት ኤመርሰንን፣ እንደማትረሳብኝ አውቃለሁ። ቢላ ቁልፎቹ መካከል እየሰካ፣ ኦርጋኑን እየጣለና እየጎተተ፣ ውስጡ ያለው የማስተጋቢያ ሞላ ሲናወጥ ነጎድጓድ እያወጣ... ቢላው እንኳን ጥቅም ነበረው፤ ቁልፉን ተጭኖ ስለሚይዝ ሁለት እጁን ነጻ ያወጣለታል። እኔ ግን ጥገና ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያ መሣሪያ ሲወድቅ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ችሎታውን አልክድም። የ1971ዱ ሥራው የ«ታርከስ» መግቢያ በአምስት ምት ሲሮጥ ግራ እጁ የሚሠራውን እኔ በሁለት እጅ አልሠራውም። ነገር ግን ኤመርሰን ሲጫወት የሚታየኝ ኤመርሰን ነው፤ ሎርድ ሲጫወት ኦርጋኑ ይሰማኛል።

ከየስ ባንድ አንድ ነገር ብቻ ልጠቁምህ። በ1972 ባወጡት «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» መካከል ሪክ ዌክማን የሚጫወተው በሎንዶን ቤተ ክርስቲያን የተቀረጸ እውነተኛ የቧንቧ ኦርጋን ነው፤ ጥቂት ቆይቶ የሃሞንድ ሶሎ ይመጣል። ሃሞንድ የቧንቧ ኦርጋን ለመግዛት አቅም ለሌላቸው ቤተ ክርስቲያኖች የተሸጠ ምትክ ነበር። እዚህ ሁለቱ በአንድ ሥራ ላይ ተገናኝተዋል፣ ምትኩም አላፈረም።

ባዝ ጊታሪስት ሳይኖራቸው መድረክ ላይ ይወጡ የነበሩትን ዶርስ የተባሉትን ባንድ፣ የኪቦርድ ተጫዋቻቸውን የሬይ ማንዛሬክን ግራ እጅና ቀጭኑን የቮክስ ኦርጋኑን ለሌላ ጊዜ ላቆየው። የእኛውን ሰው ግን ሳላነሳ አላልፍም። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1977 ያወጣውን አልበም «ቼ በለው»ን እንደ አዲስ እየሰማሁ ነው። ሮክ ነው አልልህም፤ ነገር ግን ዜማውን በብዛት ተሸክሞ የሚሄደው ኦርጋኑ ነው። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ መጥቶ እሱ እዚሁ ዋሽንግተን ቀረ፤ ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ መኪናው ኋላ አስቀምጦ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። የቀድሞ ሥራው በ2013 እንደገና ሲታተም መድረክ ላይ ተመለሰ፣ በ2018ም «ላላ በሉ»ን አወጣ። ይህን ስትሰማ የቀዳዳውን ነገር እንደገና ብትልልኝ ደስ ይለኛል።

ቢ-3 ከነመቀመጫውና ከነፔዳሉ 190 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ መመረቱ የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም፣ የተሸካሚዎች ወገብ ይመስክር። ስለዚህ ላክልኝ እንዳትለኝ። ያንተ ኪቦርድ ካለ ግን ኦርጋን የሚለውን ድምፅ ምረጥ፣ የሚሽከረከረውን ማጉያ የሚያስመስለውን ቁልፍ ፈልግ፣ የፒያኖውን ፔዳል ንቀልና አስቀምጥ። አንድ ድምፅ ይዘህ ቆይ፣ ከዝግታ ወደ ፍጥነት ቀይረው። ትልቁ ልጅህ ፒያኖ ጀምሯል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ለእሱም አሳየው፣ ጊታሩን ግን ለጊዜው ከፍ አድርገህ ስቀልበት።

መልስህን እጠብቃለሁ። ብላክሞር ይበልጣል ብትለኝ እንነጋገራለን። ሎርድ አጃቢ ነበር ብትለኝ ግን ደብዳቤህን በመጣበት ፖስታ እመልስልሃለሁ። እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም እንዲሁ።

ያንተው ወንድም
ከሜሪላንድ