ስለ አንድ ከባድ ቃል

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ «እንደምን ከርመሃል» ማለቴ ለራሴም አሳፍሮኛል፤ ግን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም። ዝም ያልኩት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ተቀይሜህ ነው። ይህን ሳልሸፋፍን ልንገርህና እንገላገል።

አባቴን ወደ ቤቴ ላመጣው መሆኑን የነገርኩህ ቀን ያልከኝን ሳትረሳው አትቀርም። «ለዚያ ሰው ምንም ዕዳ የለብህም፤ ያስጨነቀህ ሕሊናህ ሳይሆን ሃይማኖትህ ነው» አልክ። ከዚያም ነገሩን አሰፋኸው፤ ደግ ለመሆን ትእዛዝ የሚያሻው ሰው ድሮም ደግ አልነበረም፣ እንግዲህ ትእዛዛት ዘመናቸው አልፏል አልክ። እኔ የምመልሰው ስላጣሁ ተቆጣሁ። መልስ ሲያጥረኝ ቁጣ እንደማያጥረኝ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ስለ ዕዳው ልክ ነበርክ። አባቴ የሰጠኝንና የነሳኝን ብንመዝን ሚዛኑ ወደ እሱ አያጋድልም። ይህችን ትእዛዝ ራሷን የተማርኳት ከእሱ አፍ ነው፤ ቀበቶውን በመዳፉ ጠቅልሎ «አባትህን አክብር ይላል!» እያለ። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 6 ይህችኑ ትእዛዝ ከጠቀሰ ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ አባቶችን «ልጆቻችሁን አታስቆጡ» ይላቸዋል። አባቴ እዚያ ድረስ አንብቦ አያውቅም፤ ወይም ገጹን ቶሎ ይገልጥ ነበር።

አሁን በራሱ መነሳት ካቃተው ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሌሊት ሁለት ጊዜ አነሳዋለሁ። መጀመሪያ በጎኑ አዞረዋለሁ፤ እግሮቹን ከአልጋው ጠርዝ አወርዳለሁ፤ ከዚያ በብብቱ ሥር አቅፌ፣ ግንባሩ ትከሻዬ ላይ እንዳረፈ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለን አብረን እንቆማለን። የከሳ ሰው ቀላል ይመስልሃል፤ አይደለም። ራሱን መሸከም ያቃተው ሰው ክብደቱን በሙሉ ነው የሚሰጥህ።

እንቅልፍ ባጣሁባቸው ሌሊቶች ስለዚህች ትእዛዝ ማንበብ ጀመርኩ። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 20 «አክብር» ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃል «ካቤድ» ነው። ሥሩ ከእኛው «ከበደ» ጋር አንድ ነው። ወላጅህን እንደ ከባድ ነገር ያዘው እንደ ማለት ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ወላጁን የሚሰድበውን ሰው ሲያወግዝ የሚጠቀምበት ቃል ደግሞ የ«ቀለለ» ዘመድ ነው፤ እኛም እስከ ዛሬ «አቃለለኝ» እንላለን። ይህን ያነበብኩ ሌሊት ብቻዬን ሳቅሁ። ወገቤ ከእኔ ቀድሞ ገብቶት ነበር።

ሌላም ነገር አየሁ። ኦሪት መውደድን ማዘዝ አይፈራም፤ ፈጣሪህን ውደድ ይላል፣ ባልንጀራህን ውደድ ይላል፣ መጻተኛውን ሳይቀር ውደድ ይላል። ስለ አባትና እናት ግን አንድም ቦታ «ውደድ» አይልም። አክብር፣ ፍራ ይላል እንጂ። ታልሙድ የሚባለው የአይሁድ የሕግ ትንታኔ መጽሐፍ መምህራን ማክበር ማለት ምን እንደሆነ ሲተነትኑ ስለ ስሜት አንድ ቃል አይወጣቸውም፤ ማብላት፣ ማጠጣት፣ ማልበስ፣ መሸፈን፣ ማስገባትና ማስወጣት ነው ይላሉ። ጉዳዩን ሌሊት በእጃቸው ሠርተው ያዩት ሰዎች አነጋገር ነው። ቁርኣንም በአል-ኢስራእ ምዕራፍ፣ 23ኛው አንቀጽ ላይ፣ ወላጆችህ አጠገብህ ሆነው እርጅና ቢደርስባቸው «ኡፍ» እንኳ አትበላቸው ይላል። የዓረብኛው ቃል ራሱ «ኡፍ» ነው፤ ለእኔና ለአንተ ትርጉም አያሻውም።

ባለፈው ረቡዕ ሌሊት ግን አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ ቀስቅሶኝ ነበር። «ኡፍ» ያልኩት ለራሴ መስሎኝ ነው፤ ጆሮው ደግሞ ከመላ አካሉ ያልደከመው ብቸኛው ነገር ነው። ትከሻዬ ላይ እንደተደገፈ፣ «ከባድ ነኝ፣ አይደል?» አለኝ።

«ከባድ ነህ አባባ» አልኩት።

ሳቀ። እኔ በተናገርኩት ነገር ሲስቅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ታርቀን ተላቀስን እንድትል አልፈልግም፤ ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም ልቤ አልለሰለሰም። አስተኛሁት፣ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳብኩለት፣ ወጣሁ።

እንግዲህ የአራት ዓመት መልሴ ይኸውልህ። ትእዛዙ ደግነትን ያስተማረኝ አይመስለኝም። ያደረገው ነገር፣ ማታ ማታ አባቴን እንደ አዲስ ዳኝነት ላይ ከማቆም ገላግሎኛል። አንተ ሕሊናህን ጠይቅ ትለኛለህ። ሕሊናዬ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ምን እንደሚመስል ብነግርህ ትደነግጣለህ፤ ሒሳብ ነው የሚሠራው፣ ያቺን ቀበቶ እየቆጠረ።

አንተ ከሰነዘርካቸው ነጥቦች ውስጥ የምቀበላቸው አሉ። ሶቅራጥስ ያነሳው የጥንቱ ጥያቄ፣ መልካም ነገር መልካም የሆነው አማልክት ስለወደዱት ነው ወይስ መልካም ስለሆነ ወደዱት የሚለው፣ እስከ ዛሬ ቀላል መልስ የለውም። አሥረኛው ትእዛዝ የባልንጀራህን አትመኝ ሲል ባሪያውንና ገረዱን ከበሬውና ከአህያው ጋር ይደረድራል፤ ይህን አንብቤ የሚቆረቁረኝ ነገር ካለ፣ ትእዛዙን የምመዝንበት ሌላ ሚዛን ውስጤ አለ ማለት ነው። ደግሞም እዚህ ያለ ጎረቤቴ፣ ምንም ዓይነት እምነት የሌለው ሰው፣ የአባቴን ገላ ሳጥብ ሊያግዘኝ ይመጣል። እጁ ከእጄ ይለሰልሳል። አባቴም እሱ ሲይዘው አይወጠርም። ይህን ስጽፍ ትንሽ እቀናበታለሁ።

ትእዛዝን ማወቅ ብቻውን ፋይዳ እንደሌለውም አምናለሁ። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት አለ። ፕሪንስተን ውስጥ አርባ የነገረ መለኮት ተማሪዎችን አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ላኳቸው፤ ከፊሎቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ተቆራምዶ ያስላል። ካልተጣደፉት መካከል ከመቶ 63ቱ ሲረዱት፣ «ዘግይተሃል፣ ፍጠን» ከተባሉት የረዱት 10 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በአእምሯቸው የያዙት ርእስ ብዙም ለውጥ አላመጣም። ስለ ሳምራዊው ሊሰብክ ሲሮጥ የወደቀውን ሰው ተራምዶ ያለፈ ነበር!

አንተ ይህን ስትሰማ «አላልኩህም?» ትላለህ። እኔ ግን አንድ ነገር ቆይቶ መጣልኝ። እነዚያን ልጆች ያሸነፋቸው ጊዜ ነው። ከአሥሩ ትእዛዛት አንዱ ደግሞ ስለ ጊዜ ነው፤ በሰባተኛው ቀን አቁም፣ አንተም፣ አገልጋይህም፣ ከብትህም ይላል። ምክንያቱን ዘፀአት ከፍጥረት ያያይዘዋል፤ ዘዳግም ግን አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርክ አስብ ብሎ ነው የሚያዝዘው። ሰው ደግነትን የሚያጣው ክፋት ስለያዘው ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ስለሚቸኩል ከሆነ፣ የሚያስቆም ሕግ ከሚያስረዳ ትምህርት ይልቅ ሳይጠቅም አይቀርም። እኔንም የጠቀመኝ በዚህ መንገድ ነው። ሐሳቤን ሳይለውጥ ከአልጋዬ ያስነሳኛል።

አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ፤ እህቴ። ገንዘብ ትልካለች፣ አትመጣም። ከእኔ የባሰውን ያየችው እሷ ናት። እሷን «ሕግ አፍርሳለች» የሚል ሰው ቢመጣ በሩን እዘጋበታለሁ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ኢየሱስ፣ «ያለኝ ሁሉ ቁርባን ነው» ብለው ወላጆቻቸውን ከመርዳት የሚያመልጡትን ሲወቅስ አነብና፣ እህቴ ከእነዚያ አይደለችም እላለሁ፤ እነሱ የሸሹት ከወጪ ነው፣ እሷ የምትሸሸው ከእጁ ነው። «ለአንዱ ካሰረ ለሌላው ከፈታ ትእዛዝነቱ ምኑ ላይ ነው?» እንደምትለኝ ከወዲሁ ይሰማኛል። እዚህ ላይ መልስ የለኝም። አራት ዓመት አስቤበትም የለኝም።

ስለዚህ ጻፍልኝ። መቀየሜን ልለፈው ብዬ ከወሰንኩ ቆይቻለሁ፣ እስክሪብቶ ማንሳቱ ነው የከበደኝ። ከፈለግህ ተከራከረኝ፣ እንደ ድሮው አትራራልኝ። በመጀመሪያው መነሳትና በሁለተኛው መካከል ለአንድ ረጅም ደብዳቤ የሚበቃ ጊዜ አለኝ።

ወዳጅህ