ለደንበኞቻችን፦ ሂተር (የውኃ ማሞቂያ) ለሌለው ገንዳ ሁሉንም ዓሣ የማንሸጠው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። በገና ሰሞን ሂተር የሌለውን ክቡን የዓሣ ብርጭቆ ጠይቃችሁ «አንሸጥም» የተባላችሁ፣ ኒዮንና ቤታ የተባሉት ሙቅ ውኃ ወዳድ ዓሦች ፊት ለፊታችሁ እየዋኙ «ሂተር ከሌላችሁ አንሰጥም» የተባላችሁ ብዙ ናችሁ። ለልጅ ቃል ገብቶ ባዶ እጅን መመለስ ያናድዳል። ስላስከፋናችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ይጸናል፤ በበዓል ግርግር መሃል ላስረዳችሁ ስላልቻልኩ ምክንያቱን በጽሑፍ ልንገራችሁ።

«ዋጋ ሊያስወድዱ ደብቀው ነው» መባሉን ሰምቻለሁ። ይህ ንግግር አሞኛል። ክብ ብርጭቆ ከአንድ ቤታ ጋር ከሱቃችን ዕቃ ሁሉ በብዛት የሚሸጥ ነበር፤ በበዓል ሰሞን ኪራያችንን የሚሸፍንልን እሱ ነበር። በመተዉ የተጎዳሁት እኔ ነኝ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ሂተር የሌለው ገንዳም ከቤቱ ጋር አብሮ ሲቀዘቅዝ ያድራል። በእነዚህ ወራት ጠዋት ሱቁን ስንከፍት፣ ሂተር የሌለው ገንዳችን ላይ የለጠፍነው ቴርሞሜትር 17 ያሳያል። ለቤታ የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ነው፤ ዲስከስ የሚባለው ዓሣ ከዚያም የባሰ ሙቀት ይፈልጋል። ቤታ በ17 ዲግሪ ወዲያው አይሞትም፤ ክፋቱም እሱ ነው። መጀመሪያ ምግብ ይተዋል። ከዚያ ክንፉን ሰብስቦ ጥግ ይዞ ይተኛል። ብዙ ጊዜም ሰውነቱ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጥብ ይወጣበታል። በኋላ እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ ዓሣው ፌስታል ውስጥ ተገልብጧል፤ ልጁ «ምግብ ሰጥቼው ነበር እኮ» ይለኛል። ለዚያ ልጅ ሌላ ቤታ ሸጬ መላክ ከእንግዲህ አልችልም።

ሁሉም ሰው ሂተር ይግዛ ማለትም አይቻልም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ፣ ሂተሩም ፊልተሩም (የውኃ ማጣሪያው) የዓሣ ምግቡም፣ ዋጋው ወጥቷል። የምንጨምረው ወደን አይደለም። ሂተር ቢኖራችሁም ሌሊት መብራት ሲጠፋ ትንሽ ገንዳ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ ቤታችሁ ባለው ውኃ የሚኖረውን ዓሣ እንሸጥላችኋለን። እኔ የምወደው ዋይት ክላውድን ነው። ከደቡብ ቻይና፣ ከጓንግዡ አጠገብ ካለ ተራራ ጅረት የመጣ ትንሽ ዓሣ ነው፤ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጅራቱ ቀላ ያለ፤ በ18 ዲግሪ ውኃ እየተባረረ ይጫወታል። ብቻውን ሲሆን ይደነግጣል፤ ከስድስት በታች የማንሸጠው ለዚህ ነው እንጂ ብዙ ለማስገዛት አይደለም። ዜብራ ዳኒዮ የሚባለው ዓሣም ብርዱን ይችላል፣ ግን ስለሚዘል ገንዳው ክዳን ይኑረው። ቀንድ አውጣ የተረፈ ምግብ ይለቅማል፤ ውኃ ከመቀየር ግን አያድናችሁም።

ጎልድፊሽ ብርድ ይችላል ማለት ጥበት ይችላል ማለት አይደለም። ጌጠኛው፣ ባለ ረጅም ጅራቱ ዓይነት እንኳ አድጎ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ቆሻሻውም ብዙ ነው። ለሁለት ጎልድፊሽ ከ100 ሊትር ያነሰ ገንዳ አንመክርም። አፉ የቻለውን ሁሉ ስለሚውጥም ከትንንሾቹ ጋር አታኑሩት።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ። ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቃቱ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል፤ የከተማችን ከፍታ ግን መልሶ ይቀንስበታል። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ውኃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም እንደዚያው። የውጭ ቪዲዮ አይታችሁ «ይህን ያህል ዓሣ ይበቃዋል» ስትሉን «ቀንሱ» የምንላችሁ ለዚህ ነው። ገንዘብ የሚፈልግ ነጋዴ «ቀንሱ» አይልም።

ገንዳና ዓሣ በአንድ ቀን አንሸጥም ማለታችንም አስቆጥቷል። ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፤ እሱን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ውስጥ እስኪባዙ ሳምንታት ይፈጃል፣ በብርድ ደግሞ ይዘገያል። የቧንቧ ውኃው ክሎሪን ስላለበት በክሎሪን ማጥፊያ አክሙት፤ ፊልተሩን አስነሱ፣ ለባክቴሪያዎቹ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል እያደረጋችሁ ጠብቁ። ከዚያ ውኃውን በጠርሙስ አምጡልን፤ በነፃ እንለካላችኋለን።

ይህን ሥራ የጀመርኩት በረንዳ ላይ፣ መስታወቱን በራሴ እጅ በሲሊኮን እየለጠፍኩ ነው። ያኔ ከእኔ የገዛችሁ ዛሬ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። እዚህ የደረስኩት በእናንተ ነው፤ «ተለወጥክ» ስትሉኝ የሚከብደኝም ለዚህ ነው።

ቤታ ወይም ኒዮን ያለ ሂተር የያዛችሁ ደንበኞቻችን፣ ዓሣችሁን አምጡ፤ በዋይት ክላውድ እንለውጥላችኋለን። እባካችሁ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁት። ለክብ ብርጭቆ ቀብድ የከፈላችሁ ገንዘባችሁ ተቀምጦላችኋል፤ ስትመጡ ደረሰኙን ያዙ። ሌላ ቦታ ብርጭቆውን እንደሚሸጡላችሁ አውቃለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ ጎራ በሉና ያለ ሂተር ያቆምነውን ገንዳ እዩልን፤ ልጆቹንም ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር
የሱቁ ባለቤት