የሜዳ ቴኒስ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ፦ ያገለገለ የክር መወጠሪያ ማሽን ግዢያችን

የትምህርት ቤታችን የሜዳ ቴኒስ ክበብ በዚህ ዓመት እንደ ወትሮው ሳምንታዊ ልምምዱን አካሂዷል፤ አዳዲስ አባላትን ተቀብሏል፤ በክፍሎች መካከልም ውድድር አዘጋጅቷል። ይህ ዘገባ ግን በአብዛኛው የሚያተኩረው ያገለገለ የራኬት ክር መወጠሪያ ማሽን ስለመግዛታችንና በማሽኑ መሥራት ስለመማራችን ነው። በዝርዝር ለመጻፍ የፈለግሁት ለግዢው ስንነሳ ምን ብለን መጠየቅ እንዳለብን የሚነግረን ሰው ስላላገኘንና ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ተመሳሳይ ችግር እንዳለባቸው ስለማውቅ ነው።

መስከረም ላይ የስፖርት ዕቃ ክፍሉን ስንከፍት አብዛኞቹ ራኬቶች ፍሬማቸው ደህና ሆኖ ሳለ ክራቸው ተበጥሶ ወይም ላልቶ አገኘናቸው። በድሬዳዋ ክር የሚወጥርልን ባለሙያ ስላላገኘን ቀደም ሲል ራኬቶቹን አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እንልክ ነበር፤ እስኪመለሱ ድረስም ተማሪዎቹ በጥቂት ራኬት እየተፈራረቁ ይጫወቱ ነበር። አዳዲስ ራኬቶች እንግዛ የሚሉ አባላት ነበሩ። ይሁን እንጂ አዲሱም ራኬት ቢሆን ክሩ መበጠሱ ስለማይቀር፣ ክበቡ ያጠራቀመው ገንዘብ ከወላጆች መዋጮ ጋር ተደምሮ ለማሽን እንዲውል ተወሰነ።

ማሽኖቹ በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው በክብደት የሚሠራ ሲሆን፣ በአንድ ዘንግ ላይ የተሰካው ክብደት ወደ ታች ሲወርድ ክሩን ይጎትታል፤ ዘንጉ ከመሬት ጋር ትይዩ በሆነ ጊዜ የተፈለገው ውጥረት ተገኘ ማለት ነው። ሁለተኛው በእጅ መዘውር እየተጎተተ የተወሰነለት ውጥረት ላይ ሲደርስ በራሱ ይቆለፋል። ሦስተኛው በኤሌክትሪክ ሞተር ይሠራል። የኤሌክትሪኩን ገና ከጅምሩ ተውነው፤ መብራት በተቋረጠ ቁጥር ሥራው ይቆማል፤ ያረጀ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ቢቃጠልም መለዋወጫ ማግኘት ይቸግራል። በክብደት የሚሠራው ርካሽና ለመረዳት ቀላል ነው፤ ክሩ ሲለጠጥም ክብደቱ መጎተቱን ስለማያቆም ውጥረቱ ይጠበቃል። ባለመዘውሩ ግን ከተቆለፈ በኋላ አይጎትትም፤ ስለዚህ ክሩ ጥቂት ይላላል፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ እንኳ ራኬቱ ለስለስ ብሎ ይወጣል። ይህን አውቆ ትንሽ ከፍ አድርጎ መወጠር ይቻላል።

የቀረቡልን ሁለት ያገለገሉ ማሽኖች ነበሩ፤ አንዱ በክብደት የሚሠራ፣ ሌላው ባለመዘውር። ጀማሪ ገዢ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በውጥረት መለኪያው ላይ ነው። እኔ ግን አስቀድሞ መታየት ያለባቸው የተወጠረው ክር እንዳይላላ የሚይዙት መቆንጠጫዎችና የፍሬም መያዣው ናቸው ብዬ አምናለሁ። በክብደት የሚሠራው ማሽን መቆንጠጫዎቹ ከማሽኑ ጋር ያልተያያዙ፣ አንዱን ክር ከጎረቤቱ ክር ጋር ቆንጥጠው የሚይዙ ዓይነት ነበሩ፤ እነዚህ ስለሚያዘነብሉ የተገኘው ውጥረት በከፊል ይባክናል። ፍሬሙንም የሚይዘው በሁለት ቦታ ብቻ ነበር። ባለመዘውሩ ግን መቆንጠጫዎቹ በማሽኑ ገበታ ላይ የተተከሉ ናቸው፤ ፍሬሙንም ከላይ፣ ከታችና ከጎን በስድስት ቦታ ደግፎ ይይዛል። ቁም ክሮቹ ሲወጠሩ ፍሬሙ ቁመቱ እያጠረ ወደ ጎን ስለሚሰፋ፣ በተማሪ እጅ ቀስ ተብሎ ለሚሠራ ሥራ ጥሩ ድጋፍ ያስፈልጋል። ዋጋው ከፍ ቢልም ምርጫችን ይኸው ሆነ።

ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ከዚራ ሰፈር በሚገኘው በሻጩ ቤት ማሽኑን ፈተሽነው። ሻጩ አንድ ራኬት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊታችን እንዲወጥሩልን ጠየቅናቸው፤ እርሳቸውም በትዕግሥት አደረጉት። ክሩ በተቆነጠጠ ቁጥር አንድ ተማሪ በመቆንጠጫው ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርግ ነበር፤ ምልክቱ ከተንሸራተተ መቆንጠጫው ክሩን አልያዘውም ማለት ነው። በአንደኛው መቆንጠጫ ላይ ምልክቱ ተንሸራተተ። ጥርሶቹን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ብናጸዳቸው መንሸራተቱ ቆመ። በዚህ ጊዜ ብሎኑን ለማጥበቅ አለመቸኮል ጥሩ ነው፤ ከመጠን በላይ የጠበቀ መቆንጠጫ ክሩን ይጨፈልቀዋል።

ቀጥሎ ውጥረቱን ለካን። ለዚህ የተጠቀምነው በከተማችን ታይዋን ከሚባለው ገበያ የተገዛ፣ ሻንጣ አንጠልጥሎ የሚመዝን ዲጂታል ሚዛን ነው። ሚዛኑን በአንድ በኩል በጠንካራ ገመድ ከፍሬም መያዣው ጋር፣ በሌላ በኩል ከክሩ ጋር አስረን፣ ማሽኑን 50 ፓውንድ ላይ አድርገን ጎተትን። ሚዛኑ 22.7 ኪሎ ግራም ማሳየት ነበረበት፤ ያሳየው ግን ከዚያ ያነሰና በየጉተታው የሚለዋወጥ ነበር። ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሁሉ ይህን ልዩነት ቢያስተውል እወዳለሁ፦ ሁልጊዜ በእኩል መጠን የሚሳሳት ማሽን በብሎን ይስተካከላል፤ ስሕተቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ውስጡ ችግር አለ። ሻጩም ይህን አይተው ዋጋውን ቀነሱልን።

ውስጡን የከፈቱልን በምድር ባቡር ወርክሾፕ ለረጅም ዓመታት በመካኒክነት ያገለገሉና አሁን በጡረታ ላይ የሚገኙ፣ የአንድ ተማሪያችን አያት ናቸው። ተማሪዎቹ ዙሪያቸውን ከብበው ሲመለከቱ መጎተቻውን ፈትተው፣ ጠቁሮ የደረቀውን ግራሶ በጣታቸው እየጠረጉ፣ «ሞላው አልደከመም ልጆቼ፤ የደከመው ቅባቱ ነው» አሏቸው። በቤንዚን አጥበው በስሱ አዲስ ግራሶ ከቀቡት በኋላ ማሽኑ ደጋግሞ አንድ ዓይነት ቁጥር ማሳየት ጀመረ፤ የቀረውን ጉድለት የሞላውን ማስተካከያ ጥቂት በማጥበቅ አቃኑት። ያለቀውን አንድ የፍሬም መደገፊያም በቶርኖ አስቀርጸው ተኩልን። ከሀገራችን የባቡር ሐዲድ ጋር አብራ ባደገች ከተማ እንዲህ ያለ እጅ መገኘቱ ለእኔ ትልቅ ሀብት ነው፤ ማሽኑ በእጅ የሚሠራ ባይሆን ኖሮም ይህ ሀብት ባልጠቀመን ነበር።

ትምህርቱ የተጀመረው በአሮጌ ራኬት ነው። ለአንድ የቴኒስ ራኬት 12 ሜትር ያህል ክር ይበቃል። መጀመሪያ ቁም ክሮቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እየተመጣጠኑ ይወጠራሉ፤ ከዚያ አግድሞቹ እንደ ሸማኔ ማግ አንዱን ከላይ አንዱን ከሥር እያሉ ያልፋሉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በዚህ ሥራ ከሁሉም ቀደመች። ግራ እጇን ከሥር አድርጋ ክሩን በጣቶቿ ጫፍ ትቀበላለች፤ ረጅሙን ክር ስትስብም በአንድ ቦታ ላይ እንዳይፋተግ ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዘች ታሳልፈዋለች። ክር በክር ላይ በፍጥነት ሲሳብ ግለቱ ቁም ክሩን ይጎዳዋልና። ሌሎቹም ከእርሷ እያዩ ተማሩ። አንድ ክር የተበጠሰበት ራኬት ሲመጣ የቀሩት ክሮች ሳይዘገይ ከመሐል ወደ ዳር እየተመጣጠኑ እንዲቆረጡ ደንብ አወጣን፤ በአንድ ወገን ብቻ የቀረ ውጥረት ፍሬሙን ያጣምመዋል።

ክርን በተመለከተ፣ ተማሪዎቹ ከእንስሳት አንጀት ስለሚሠራው የተፈጥሮ ክር ሲጠይቁ፣ የፈረንሳዩ ባቦላ ኩባንያ ይህን ሥራ በ1875 እ.ኤ.አ. ሊዮን ውስጥ እንደጀመረ ነገርኳቸው። ለእኛ የሚሆነው ግን ናይለን ነው፤ ዋጋው የሚቀመስ ነው፤ ለልጆች ክንድም ይለሰልሳል። ፖሊስተር ጠንካራ ቢሆንም ክንድ ያሳምማል፤ ውጥረቱንም ቶሎ ያጣል። ሙቀት ክርን ስለሚያላላ ራኬቶቹን ከቆርቆሮ ጣሪያው ክፍል አውጥተን በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ አስቀመጥናቸው። እያንዳንዱ ራኬት የተወጠረበት ቀን፣ የክሩ ዓይነት፣ ውጥረቱና የወጣሪው ስም በመዝገብ ይሰፍራል። በሳምንት ስንት ጊዜ ከተጫወትክ በዓመት ያን ያህል ጊዜ አስወጥር የሚለውን የተጫዋቾች ልማድ ሙሉ በሙሉ መከተል አቅማችን አይፈቅድም፤ ነገር ግን በሰኔ ወር ክሩ ተበጥሶ የተቀመጠ ራኬት አልነበረንም።

ለ2017 ዓ.ም. 200 ሜትር ጥቅል ክር ለመግዛት ታቅዷል። የባድሜንተን ራኬቶችን መወጠር ግን ለጊዜው አልጀመርንም፤ ፍሬማቸው ቀጭን በመሆኑ የራሳቸው መደገፊያ ያስፈልጋቸዋል። የመደገፊያው ልክ ተወስዶ ለመካኒኩ የተሰጠ ሲሆን፣ ሥራው በክረምቱ ይጠናቀቃል ተብሎ ይጠበቃል።