«ግን» ያልንበት ዓመት፦ የፊልም ሂስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በጥቅምት የክበባት ምዝገባ ሲካሄድ እኛ ጠረጴዛ ፊት የቆመው ሰልፍ ከሚኒ ሚዲያውም ከቀይ መስቀሉም ይረዝም ነበር። 41 ተማሪዎች ተመዘገቡ። በሁለተኛው ዓርብ «ፊልሙን ካያችሁ በኋላ እያንዳንዳችሁ አንድ ገጽ ትጽፋላችሁ» ስል 41ዱ 23 ሆኑ፤ ሰኔ ላይ የደረስነው 17 ነን። የክበባት መከታተያ ቅጹ «አባላት የቀነሱበት ምክንያት» የሚል ባዶ መስመር አለው። «አንድ ገጽ» ብዬ ሞልቼዋለሁ።

የምንሰበሰበው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ መጋረጃ ያለው ክፍል እሱ ብቻ ነውና። ሰሌዳው ላይ ነጭ አንሶላ እንወጥራለን፣ ፕሮጀክተር ከአይሲቲ ክፍል እንዋሳለን፣ ድምፁን በሚኒ ሚዲያ ስፒከር እናወጣለን። አንሶላው መሃሉ ላይ ካውያ ያቃጠለው ቦታ አለው። ዘንድሮ ያየናቸው ተዋንያን በሙሉ፣ ካሜራው ሲጠጋቸው፣ ጉንጫቸው ላይ አንዲት ቡናማ ማርያም ስማኝ ነበረቻቸው።

ስለ ስማችን አንድ ነገር ልበል። ማስታወቂያውን በለጠፍን ማግስት ወንበር ያመጡልን የግቢ ጥበቃችን ቆም ብለው አነበቡት። «ሂስ? ቀጥሎ ግለ ሂስ ሊመጣ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ልጆቹ ምን እንዳሳቃቸው አልገባቸውም። እኔ ገብቶኛል። በደርግ ዘመን ትንሽ ልጅ ብሆንም አባቴ ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለስ ቤታችን እንዴት ጭር እንደሚል አስታውሳለሁ። ለእሳቸው ትውልድ ሂስ ማለት አንድ ሰው ተነስቶ ይቆማል፣ ሌላው ጥፋቱን ይቆጥርለታል ማለት ነው። ቃሉ ወደ ፊልም ሲዞርም ያ ጠረኑ አልለቀቀውም፤ ሂስ ሲባል ስህተት መልቀም ይመስለናል። ስሙን እንቀይረው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «ቲቸር፣ የፊልም አድናቂዎች ክበብ ከምንባል ይሄ ይሻላል» አሉኝ። ስሙ ጸና።

የመጀመሪያው ፊልማችን ዩቲዩብ ላይ የተጫነ አንድ የአማርኛ የፍቅር ኮሜዲ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ የሰዎች እንጀራ ነው። ከ23 ወረቀት 14ቱ «አሪፍ ነው» የሚሉ፣ 6ቱ «ይደብራል» የሚሉ ነበሩ። ሁለቱ ታሪኩን ከነመጨረሻው ተረኩልኝ። የቀረው አንዱ ወረቀት አምስት መስመር ብቻ ነበር። የጻፈችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከአምስቱ ሁለቱን እነሆ፦ «አባትየው በተናደደ ቁጥር መነጽሩን ያወልቃል። አራተኛው ላይ ሳቅኩ፣ ግን መሳቅ ያለብኝ ቦታ አልነበረም።»

ይህችን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ከዚያም ያለ ልክ በመደሰቴ ሕግ አወጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ጽሑፍ ቢያንስ አንድ «ግን» ይኑረው። ሕጉ እንዴት እንደ ፈረሰ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ኅዳር ላይ «ላምብ»ን አየን። የያሬድ ዘለቀ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። እናቱን በረሃብ ያጣ ኤፍሬም የሚባል ልጅ ከበጉ ጋር ዘመዶቹ ዘንድ ይላካል፤ አጎቱ ደግሞ በጉን ለበዓል ሊያርደው ያስባል። ልጁ ማረስ አይሆንለትም፣ ወጥ መሥራት ግን ይችልበታል። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄደ። እስኪመጣ በስልክ መብራት መጨረሻውን ገምታችሁ ጻፉ አልኳቸው፤ ከሁለት ተማሪ በስተቀር ሁሉም በጉን አረዱት።

ክርክሩ የሞቀው በሚቀጥለው ዓርብ ነው። «ተራራው ያምራል፣ ግን ስንት ጊዜ ተራራ አያለሁ?» ያለ ነበር። አንዲት ልጅ «ቱሪዝም ማስታወቂያ መሰለኝ» አለች፤ ብዙዎች አጨበጨቡላት። እኔም በከፊል አብሬያት ነኝ፤ ፊልሙ መልክዓ ምድሩን ሲያይ የሰዎቹን ጣጣ የሚረሳባቸው ቦታዎች አሉ። ክፍለ ሀገር አድጎ የመጣ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን የጻፈው ሌላ ነው፦ «በግ በሚታረድበት ቤት ነው ያደግኩት፤ ለበጉ አላዘንኩም። ልጁ ምግብ ሲሠራ አጎቱ የሚያየው አስተያየት ግን የአባቴ አስተያየት ነው። እዚያ ላይ ፊልሙን ለአፍታ ማቆም ፈልጌ ነበር።» ይህ ልጅ ከዚያ በፊት በአማርኛ ፈተና ከ10 ከ5 በላይ አግኝቶ አያውቅም። (ውጤቱን አስፈቅጄው ነው የጻፍኩት።)

«ድፍረት»ን ያየነው ታኅሣሥ ላይ ነው። የዘረሰናይ ብርሃነ ሥራ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጅና ጠበቃዋ፤ መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾች ሽልማት ማግኘቱን ስነግራቸው ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ተመልካቹ ከሸለመው ሃያሲ ምን ይሠራል?» መልስ አልነበረኝም። የመለሰችለት ከጎኑ የተቀመጠች ልጅ ናት። «እኔ ወድጄዋለሁ። ግን ፊልሙ የልጅቷ ነው የጠበቃዋ? ልጅቷ ከተኮሰች በኋላ ስለ እሷ ሌሎች ናቸው የሚያወሩት።» ሁለት ሳምንት የተከራከርነው በዚህች አንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ወንዶቹ በሕጉ፣ ሴቶቹ በልጅቷ ዝምታ። ፊልሙን የጠላ አንድም አልነበረም፤ ሁላችንም የምናነሳበት አላጣንም።

የሃያሲው ጥያቄ ግን ስላልለቀቀኝ ጥር ላይ ስለ ሮጀር ኢበርት አወራኋቸው። «ቺካጎ ሰን-ታይምስ» ጋዜጣ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በ2013 እስኪሞት ፊልም ሲተች የኖረ ሰው ነው፤ በ1975 ለፊልም ሂስ ፑሊትዘር የተባለውን የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ከተቀናቃኙ ጋዜጣ ሃያሲ ከጂን ሲስክል ጋር በቴሌቪዥን አውራ ጣቱን ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ሲያደርግ ነው። ልጆቹ ይህን ወዲያው ወደዱት፤ ላይክና ዲስላይክ ነው አሉ። ልክ ናቸው። አውራ ጣት «ግን» ማለት አይችልም፤ ጋዜጣው ላይ ያለው ዓምድ ይችላል። በካን አይቶት የፌስቲቫሉ የምንጊዜም መጥፎ ፊልም ነው ያለውን አንድ ሥራ፣ ዳይሬክተሩ ከ20 ደቂቃ በላይ ቆርጦ ሲያመጣው ድጋሚ አይቶ ከአራት ሦስት ኮከብ ሰጠው። (ፊልሙ ለተማሪ ስለማይሆን ስሙን አልነገርኳቸውም። ፈልገው እንዳገኙት ግን አልጠራጠርም።)

ከኢበርት የወሰድነው ዋናው ነገር ሌላ ነው። ኮከብ ሲሰጥ እያንዳንዱን ፊልም ከዓይነቱ ጋር ነበር የሚያስተያየው፤ ኮሜዲውን ከኮሜዲ፣ የጀብዱውን ከጀብዱ። ይህን ስል አንዱ ደስ ብሎት «ታዲያ እኛም እኮ ለሀበሻ ፊልም አሪፍ ነው እንላለን!» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ተናደድኩ፣ አሁንም ስጽፈው እናደዳለሁ። «ለሀበሻ ፊልም አሪፍ ነው» ማስተያየት አይደለም፣ ምጽዋት ነው። ኢበርት ኮሜዲን ከኮሜዲ ሲያስተያይ ኮሜዲው ያስቃል ወይ ብሎ እየጠየቀ ነው። እኛ ያቺን ሐረግ ስንጥል ምንም አልጠየቅንም፤ ከሚሠራውም ምንም አንጠብቅም እያልን ነው። ደግሞ የሚያበሳጨው ሐረጓን ከመምህራን ክፍልም ስሰማት ነው። በክበባችን ሐረጓ የካቲት 1 ቀን ታገደች፤ ያመለጠው ቆሎ ይገዛል። ትምህርት እስኪዘጋ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ገዝቻለሁ።

በዚያው ወር የ«ግን» ሕግ ፈረሰ። ያፈረሰው አንድ የ12ኛ ክፍል ጮሌ ነው። «ትወናው ጥሩ ነው ግን ድምፁ መጥፎ ነው። ድምፁ መጥፎ ነው ግን ሙዚቃው ጥሩ ነው። ሙዚቃው ጥሩ ነው ግን በዛ።» ገጹ በሙሉ እንዲህ ነበር። ወረቀቱን ሳይ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ገባኝ። ልጆቹ የተቀላቀለ ስሜት ስለነበራቸው ሳይሆን ሕጉ ስላለ አንድ ሙገሳ በአንድ ነቀፌታ እያካካሱ ነበር። የወደዱትን ፊልም ለማርክ ብለው ይነቅፉታል። ሕጉን አንስቼ በምትኩ አንድ ጥያቄ ብቻ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፍኩ፦ «የቱ ጋ?» ድምፁ መጥፎ ከሆነ የቱ ጋ? ካለቀሳችሁ የቱ ጋ?

በሚያዝያ ጽሑፎቻችንን በረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ማንበብ ጀመርን፤ ልጆቹ ራሳቸው ሲኒማ ገብተው ያዩዋቸውን አዳዲስ ፊልሞችም ጨመርን። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰው ጽሕፈት ቤት መጥቶ ጠየቀኝ። አንዲት ተማሪያችን ድምፁን በተቸችው ፊልም ላይ የድምፅ ሠራተኛ ነበር፤ ተማሪ የሆነ የወንድሙ ልጅ ነግሮት ነው የመጣው። ጠብ መስሎኝ ልጅቷን ሳላስጠራ ለመመለስ ሞከርኩ። እሷ ግን ሰምታ መጣች።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«ግቢው ጎን ሕንፃ እየተሠራ ነበር። ማሽኑ ሲያርፍ ብቻ ነበር የምንቀርጸው።»

ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ ተመልካቹ ይህን እንዴት ይወቅ ጋሼ?» አለችው። ሰውየው እኔን አየ፣ እሷን አየ። «አይወቅ። ደግ አድርገሽ ጽፈሻል» አላት። በሚቀጥለው ዓርብ ማይክራፎኑን ይዞ መጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረን፤ ፊልም ውስጥ የነፋስ ድምፅ እንዴት እንደሚሰማ ከዚያ ወዲህ የማይሰማ አባል የለንም። ፊልም ማየት አበላሸብን የሚሉም አሉ።

ግንቦት ላይ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍሎች ብቻ አሳየን። 140 ደቂቃ ስለሆነ ሁለት ዓርብ ወሰደ። ጊዜው ከመንደር ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ ደርግ አዲስ አበባ እየዘለለ ስላስቸገራቸው አንዷ ሰሌዳው ላይ መስመር አስምራ ዓመቶቹን ደረደረችልን። የጥበቃ ሠራተኛችን የመጀመሪያውን ዓርብ በር ላይ ቆመው አዩ። በሁለተኛው ወንበር ይዘው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ሲያልቅ ልጆቹ «አባባ፣ እንዴት አገኙት?» አሏቸው። ምንም አላሉም፤ ወንበራቸውን አንስተው ወጡ። በዚያ ቀን ከልጆቹ ወረቀት አልጠየቅኩም።

የግድግዳ ጋዜጣችን በዓመቱ ስድስት ጊዜ ወጥቷል። ሰባተኛው የዘገየው ለስፒከር ገመድ ገንዘብ ማሰባሰብ ስለነበረብን ነው። በወላጆች ቀን አባላቱ «ላምብ» ላይ ኤፍሬም ለመንገድ ገንዘብ ሳምቡሳ ሠርቶ እንደሚሸጠው እኛም እንሽጥ ብለው የምስር ሳምቡሳ ሠሩ። የጠበሰው ያ ክፍለ ሀገር ያደገው ልጅ ነው፤ አባቱም መጥተው ሁለት ገዙ። ገመዱ ተገዝቷል። ሰኞ ጠዋት የግድግዳ ጋዜጣው ላይ ማን እንደለጠፈው ያልታወቀ ወረቀት አገኘን፦ «ሊጡ ሳስቶ በደንብ ተጠብሷል። ምስሩ ግን ጨው አንሶታል። የቱ ጋ? ሁለተኛው ጉርሻ ላይ።»